ወደ ማርያም ጠበል የሚወርደው ደረጃ

ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ መዞር በጀመረበት፣ ክፉ ቀንም ገና ባልደረሰበት ዘመን እኔ ጎልማሳ ሸማኔ ነበርኩ። ቤታችን ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አሊዩ አምባ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ከእኛ በታች፣ ገደሉ ሥር፣ የማርያም ጠበል ይፈልቃል። ከመዘዞም ከሰላ ድንጋይም ሕመምተኛ እየመጣ ይጠመቅበታል።

አንድ ዓመት ጉልበቴ አብጦ መቆም አቃተኝ። ሸማኔ እግሩን ከታመመ ሥራ የለውም። የሚስቴ ወንድሞች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጠበሉ ሲያወርዱኝ መንገዱ ጭቃ ነበርና ሁለት ጊዜ ጣሉኝ።

"ከበሽታው በፊት እናንተ ልትገድሉኝ ነው!" ብዬ ስጮህ እነሱም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ።

አፋፉ ላይ ግን አንዲት ዓይነ ስውር ባልቴት ተቀምጠው አየሁ። የሦስት ቀን መንገድ መጥተው፣ መውረድ አቅቷቸው የውሃውን ድምፅ ብቻ ያዳምጣሉ። ያ ከልቤ አልወጣ አለ።

በሁለት ሳምንት እግሬ ዳነ። "እመቤቴ፣ መውረጃውን ደረጃ አደርግልሻለሁ" ብዬ ገና ስጠመቅ ተስዬ ነበር። ለደብሩ አለቃ ስነግራቸው፣ "አንተ ክር እንጂ ድንጋይ መቼ ታውቃለህ?" አሉኝ። ቢሆንም ባረኩኝ።

እስከ እኩለ ቀን እሸምናለሁ፤ ከዚያ ድንጋይ እደረድራለሁ። እስከ ሰኔ ግማሹን አደረስኩት። ክረምቱ ገባና ጎርፉ በአንድ ሳምንት ጠራርጎ ገደል ከተተው።

በመስከረም እንደገና ስጀምር አንድ የአሊዩ አምባ ነጋዴ ጨው የጫኑ በቅሎዎቹን ሽቅብ እየነዳ ደረሰና ቆሞ አየኝ።

"እንደምን ዋልክ ወንድሜ? ለማን ነው ደረጃው?"

"የማርያም ስለት ነው።"

"ማሻአላህ! ግን ድንጋዩን ወደ ገደሉ አዘንብለኸዋል። ወደ ተራራው አዘንብለው። ለውሃውም በጎን ቦይ ቅደድለት፤ መሄጃ ያገኘ ጎርፍ ከሰው ጋር አይጣላም።"

እንዳለኝ አደረግሁ። ከዚያ ወዲህ ከአንኮበር ሲመለስ ባዶ በቅሎዎቹን ለግማሽ ቀን ይተውልኛል፤ ትልልቁን ድንጋይ በእነሱ አጋዝኩ። "ኢንሻአላህ፣ አንተ ሳታልቅ ደረጃው ያልቃል" እያለ ይቀልድብኛል።

በቀጣዩ ክረምት ዝናብ ባባራ ቁጥር እየሮጥሁ አይ ነበር። አንድም ድንጋይ አልተነቃነቀም!

ደረጃው አልቆ ለኅዳር ጽዮን ሕዝቡ በእልልታ ወረደበት። አማቴም መጡ። ጉልበታቸው ከደከመ ጀምሮ ጠበሉን ያዩት ከአፋፉ ላይ ብቻ ነው። ትከሻዬን ይዘው፣ እያንዳንዱን ደረጃ በምርኩዛቸው መታ መታ እያደረጉ ወረዱ። ተጠምቀው ሲያበቁ ሽቅብ ተመለከቱና፣ "አንተ ልጅ፣ አሁንስ ማን ሊያወጣኝ ነው?" አሉ።

"እማዬ፣ ደረጃው ለመውጣትም ይሆናል እኮ!"

ሳቃቸውን ገደሉ አስተጋባው።

ከቅዳሴ በኋላ አለቃ ጠሩኝና ከካህናቱ መካከል አስቀመጡኝ። ሸማኔ እዚያ ሲቀመጥ አይቼ ስለማላውቅ በእፍረት ከመሶቡ ራቅ አልኩ። አለቃ በገዛ እጃቸው አጎረሱኝ፤ ከጉርሻው ትልቅነት የተነሣ አመሰግናለሁ ለማለት እንኳ አልቻልኩም። ከዚያን ቀን ጀምሮ መስከረም በጠባ ቁጥር ቦዩን የምጠርገው እኔ ነኝ።