በአዲስ ካርቶን የተመለሰው ቫልቭ

ወልደ ዮሐንስ ብርጭቆ መሰሉን የአምፕሊፋየር ቫልቭ ገልብጦ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አየ።  የመድረኩ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለና እንደገና አየው። በጥቁሩ መቀመጫ ላይ፣ በነጭ ቀለምና በክብሪት እንጨት፣ «ጥር ፸፪»፣ ጥር ሰባ ሁለት፣ ተብሎ ተጽፏል። ወሩ ግን ነሐሴ፣ ዘመኑም ሰባ ስድስት ነበር። ቫልቩ ትናንት ከአዲስ ካርቶን ወጣ የተባለው ነው። የእጅ ጽሑፉ ደግሞ የራሱ የወልደ ዮሐንስ ነው።

ጊታር መቺው አዘዘ በሁለት አብዮት ጠባቂዎች መካከል ከአዳራሹ ከወጣ ገና ግማሽ ሰዓት አልሞላውም።

ወልደ ዮሐንስ የዘጌ መሪጌታ ልጅ ነው። እስከ አሥራ አምስት ዓመቱ ድጓ ተምሮ፣ ባሕር ዳር ለጉዳይ በመጣበት ቀን አንድ ሽማግሌ ሬዲዮ ከፍተው ሲጠግኑ አይቶ እዚያው ቀረ። አባቱ ብዙ አዘኑ። ግሽ አባይ ሰፈር ውስጥ ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ተቀምጦ ሃያ ዓመት ሲሠራ፣ ከዜማ ቤት ይዟቸው የመጣ ሁለት ነገሮች አብረውት ኖሩ። አንዱ ጆሮው ነው። ሁለተኛው የግዕዝ ቁጥር ነው፤ ቫልቭ በገጠመ ቁጥር ወሩንና ዓመቱን ከሥሩ ይጽፍበታል።

የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው የቀበሌው ኪነት ቡድን አምፕሊፋየር ከንጉሡ ዘመን የተረፈ ከባድ ሣጥን ነበር። ከኋላው ብርጭቆ የመሰሉ ቫልቮች ተደርድረዋል፤ ሁለት ትልልቅ፣ ሦስት ትንንሽ። የቁንዝላው ልጅ አዘዘ በየሁለት ወሩ ሱቁ ድረስ እየመጣ ይነዘንዘው ነበር።

«አያ፣ መቀየሪያቸው አልደረሰም?»

«ቀን አይቆጠርላቸውም። አንተ ምታ፣ እኔ ልስማ።»

አዘዘ ሲመታ ወልደ ዮሐንስ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያደምጣል። ወፍራሙ ክር እንደረጠበ ከበሮ ከላላ፣ ቀጭኑ ክር ጥራቱን ካጣ፣ የድምፅ መክፈቻው እስከ ጫፍ ዞሮም ድምፁ ከታፈነ፣ ትልልቆቹ ደክመዋል ማለት ነው። ትንንሾቹን በእርሳስ ጫፍ ቀስ አድርጎ ይነካል፤ ከስፒከሩ እንደ ቃጭል የሚጮህ ካለ እሱ ይወጣል፤ ዝም ካሉ ለዓመታት አይነኩም። ከብርጭቆው አናት ላይ ያለው የመስታወት መልክ እንደ ወተት ከነጣ ግን አየር ገብቶበታልና መስማትም አያስፈልግም።

«ትልልቆቹ ጥንድ ናቸው» ይለዋል። «አንዱ ቢደክም ሁለቱም ይወጣሉ።»

«በተክሊል የተጋቡ ናቸው በሉኛ!»

«እንዴታ፤ አብረው ገቡ፣ አብረው ይወጣሉ።»

ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ልምምዱ ሲጦፍ ወልደ ዮሐንስን ወባ ጣለው። አዘዘ ድምፁ እንደላላ በራሱ ጆሮ ሰማ፤ በሕመምተኛ ላይ ላለመጨከን ብሎም ወደ ንብረት ክፍል ሄደ። የንብረት ክፍሏ የሺመቤት ከመደርደሪያው አንድ ካርቶን አንሥታ አስፈርማ ሰጠችው፤ ሁለቱን ትልልቅ ቫልቮች ሥራቸውን ሳያገላብጥ ራሱ ገጠማቸው። በማግሥቱ ከበላይ የመጡ እንግዶች ፊት ሁለተኛው ዘፈን ሲጀመር አንደኛው ቫልቭ ከውስጡ እንደ ፍም ቀላ፤ የተቃጠለ ሽታ አዳራሹን ሞላው፤ ፊውዙ ተቃጠለና ጊታሩ ዝም አለ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ቢያዝን ከፊተኛው ወንበር ተነሣ።

«አዲስ ዕቃ በአንድ ቀን ይቃጠላል? ይህ አሻጥር ነው!»

በዚያ ዘመን ያ ቃል ከተነገረ በኋላ ያለውን የሚጠይቅ አልነበረም። በዚያው ቃል ተወስደው ያልተመለሱ የሰፈር ሰዎችን ሁሉም ያስታውሳል። ወልደ ዮሐንስን ጋቢውን እንደ ተከናነበ ከአልጋው አስነሥተው አመጡት። ወረቀቱ አስቀድሞ ተጽፎ ነበር፦ ዕቃው አዲስና ጤነኛ ነበር፤ ያበላሸው የገጠመው ሰው ነው። የባለሙያ ፊርማ ብቻ ይጎድለዋል።

«ዕቃውን እየውና ፈርም» አለው ቢያዝን፤ እንግዶቹን ለመሸኘት ወጣ።

ያየው ነገር እንግዲህ ያ ጽሑፍ ነው።

ላቡ በወባው ይሁን በድንጋጤው አልታወቀውም። ሰባ አራት ላይ የሆነው አንድ ባንድ መጣለት። ያን ጊዜ ሁለት ካርቶን ቫልቭ መጥቶ፣ አንደኛው ተከፍቶ ተገጠመ። የወጡት አሮጌዎች ደግሞ በአዲሱ ማሸጊያ ተጠቅልለው ካልተመለሱ ንብረት ክፍል አይቀበላቸውም ነበር። እሱም በባዶው ካርቶን ከተታቸው። ጥጡን እንደነበረ ጎዘጎዘ፤ ክዳኑን በዱቄት ሙጫ ለጠፈ፤ ከፋብሪካ እንደወጣ አሳመረው። የሺመቤት እንኳ «እጅህ ይባረክ» ብላው ነበር። በላዩ ላይ ግን አንዲት ቃል አልጻፈም።

«እታለም» አላት የሺመቤትን፣ በሩ ላይ ቆማ ሲያያት። «መደርደሪያው ላይ ሌላ ካርቶን አለ?»

«አንድ ቀርቷል። እሱማ አሮጌው ነው፤ ለአስወጋጅ ኮሚቴው ያስቀመጥሁት።»

«አምጪው እስቲ።»

አመጣችና ከፈቱት። ሁለት ቫልቭ፣ አናታቸው እንደ መስታወት የሚያበራ፣ ሥራቸው ንጹሕ፣ ጽሑፍ የሌለባቸው። የሺመቤት ነጠላዋን ጎትታ አፏን ያዘች።

«ወይኔ ጉዴ! በእጄ ነዋ ልጁን ያስበላሁት!»

«በእጅሽ አይደለም። ያሸግሁት እኔ ነኝ።»

ሊቀመንበሩ ሲመለስ ወልደ ዮሐንስ ቆሞ ጠበቀው። «ጓድ፣ አልፈርምም» አለ። «አዘዘ የገጠመው የተሰጠውን ነው። እኒህ እኔ በሰባ ሁለት የገጠምኋቸው፣ ደክመው ያወጣኋቸው ናቸው። በአዲሱ ካርቶን የከተትሁም እኔው። ጥፋተኛ ከተፈለገ እኔን ውሰዱኝ።»

ቢያዝን ቀረብ ብሎ አየው። «ወባው ራስህ ላይ ወጣ እንዴ? የምትለውን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«አሮጌን በአዲስ ካርቶን ምን አስከተተህ?»

የሺመቤት ወጥታ ሰማያዊ ፋይል ይዛ ተመለሰች። ከውስጡ አንዲት ቅጠል ወረቀት መዝዛ በሁለት እጇ አቀረበችለት። አሮጌ ንብረት በአዲሱ ማሸጊያ እንዲመለስ የሚያዝዝ ሰርኩላር ነው። ከግርጌው ክብ ማኅተምና ፊርማ አለበት።

ቢያዝን አነበበው። ፊርማው ላይ ሲደርስ ቆመ። ፊቱ ሲለወጥ ሁለቱም አዩ። እንደገና ከላይ ጀምሮ አነበበ፤ ማኅተሙን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። ፊርማው የራሱ ነበር። 

«አዲሶቹን ግጠም» አለ በመጨረሻ፤ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ። ያልተፈረመውን የምስክርነት ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። ሰርኩላሩንም አልመለሰላትም።

ወልደ ዮሐንስ ፊውዙን ቀየረ፤ ሁለቱን ቫልቮች ገጠመ።  ፀሐይ ሳትጠልቅ አዘዘ ከእስር ተለቅቆ፣ ቀበቶና የጫማ ማሰሪያ የሌለው ሆኖ መጣ። ማንም ምንም አላስረዳውም። ወልደ ዮሐንስን አይቶ፣ አምፕሊፋየሩን አይቶ፣ ጊታሩን አነሣ።

«ምታ» አለው ወልደ ዮሐንስ። ጀርባውን ሰጠው፤ ዓይኑን ግን መጨፈን አልቻለም።

ከዚያ ወዲህ ወልደ ዮሐንስ ከየትኛውም ዕቃ የወጣ ቫልቭ ሲያስቀምጥ፣ ከገባበት ቀን ጎን የወጣበትን ይጽፋል፤ ከሥሩም በቀይ ቀለም «ዐረፈ» ይላል። አዘዘ ሱቁ ሲመጣ የአሮጌዎቹን ቫልቮች ሣጥን እየከፈተ ይሥቅበት ነበር።

«አያ፣ ፍትሐትም አድርሱላቸው እንጂ!»

ወልደ ዮሐንስ አይሥቅም። የክብሪት እንጨቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ፣ ፊደሏ እስክትደርቅ ቫልቩን ከእጁ አያስቀምጥም።