ጉልበቱ የከዳው ረዳ

ረዳ የተወለደው ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ነው፤ ወላጆቹ በሰባ ሰባቱ ረሃብ ድንበር ተሻግረው በቀሩበት ሰፈር። ጎረምሳ ሳለ፣ እሱ ኳስ በሚጫወትበት ቀን ባለሱቆች ሳይቀሩ በራቸውን ዘግተው ሊያዩት ይወጡ ነበር። ችሎታው ሞልቶለታል፤ አካሉ ነው የከዳው።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሀዋታ በምትባል ከተማ ሲጫወት እግሩ በጋ በሰነጠቀው ጥቁር አፈር ውስጥ ገባና ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ወጌሻ አሽቶ፣ በእንጨት አስሮ አዳነለት። በሁለተኛው ዓመት፣ የካርቱም ክለብ ሰዎች ሊያዩት በመጡበት ሳምንት፣ ቀኝ ጉልበቱ ዞረ። ሰዎቹ ሌላ ልጅ ይዘው ሄዱ። ሦስተኛው ጉዳት ባሰ፤ ልምምድ ላይ ማንም ሳይነካው ያው ጉልበት ቀጭ አለና ረዳ እዚያው ሜዳው ላይ ቁጭ አለ።

ከዚያ ወዲያ አራት ዓመት መርፌ እየተወጋ፣ ግማሽ ሰዓት ተጫውቶ ሳምንት ሙሉ እያነከሰ ኖረ። ሚስቱ ሂያም ብዙ ታገሠች። አንድ ቀን ጎንበስ ማለት አቅቶት ሲታገል ጫማውን አሰረችለትና፣ «ረዳ፣ አንተ እኮ ኳስ መጫወት ትተሃል፤ የቀረህ መታመሙ ብቻ ነው» አለችው። እሱ ጫማውን መልሶ ፈታው።

አሠልጣኝ የሆነው ሽቶ አይደለም። የሰፈሩን ቡድን ይዘው የኖሩት ጋሽ እስማኤል ዓይናቸው ሲደክም አስረከቡት። ተጫዋቾቹ ግንበኞች፣ ተሸካሚዎችና ጦርነት ከካርቱም ያፈናቀላቸው ናቸው፤ ከሥራ ዝለው ይመጣሉ። እሱም ሮጦ ማሳየት ስለማይችል ቆሞ በአፉ ሲያስረዳ ጉሮሮው ይደርቃል።

ባለፈው መስከረም ለዋንጫ ደረሱ። በጨዋታው ዕለት አጥቂው ሶፎኒያስ ጉልበቱን ከሱሪው ሥር በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። ረዳ ገና አረማመዱን ሲያይ ዐወቀ። ዳሰሰው፤ አብጧል፣ ይሞቃል።

«ኮች፣ የዛሬን ብቻ ይፍቀዱልኝ፤ ከዚያ አርፋለሁ» አለ ሶፎኒያስ።

«እኔም እንዲሁ ነበር የምለው» አለና አስቀረው።

ሁለት ለባዶ ተሸነፉ። ሰፈሩ ረዳን ሲወቅስ ሰነበተ። ሶፎኒያስም ሳይሰናበተው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ባሱንዳ እርሻዎች ወረደ። ያ ከጨዋታ ያዳነው ጉልበት አሁን ቀኑን ሙሉ ማሳ ውስጥ ሲጎብጥ እንደሚውል ሲያስብ ረዳ ይናደዳል፤ ከዚያ ይተወዋል። ሰው መብላት አለበት።

አጨዳው እስኪያልቅ ለልምምድ የሚመጡት ስድስት ብቻ ነበሩ። ሦስት ሦስት አድርጎ ያጫውታቸው ነበር። ኅዳር ላይ ሶፎኒያስ ጉልበቱ እንደተሻለውና እንደሚመለስ በሰው ላከበት።

ረዳ «ይምጣ» አለ። ደስ ብሎታል፤ ከዚያ ሁሉ ድካምና ወቀሳ በኋላ ግን ደስታውን ለማሳየት አቅም አልነበረውም።