ከተሰቀለው ሰው እናት ጋር በአንድ ቋጠሮ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ጣሊያን አገራችንን ከመውረሩ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ጎሬ ላይ የሕግ ተማሪ ሳለሁ ነው። ያኔ አፍላ ጎረምሳ ነበርኩ፤ አሁን ልጆቼ ራሳቸው ሸብተዋል። ግራ ትከሻዬ ላይ የጦር ጠባሳ አለ። ልጆቼ ከጠላት ጋር ስዋጋ ያገኘሁት ይመስላቸዋል። ጠባሳው ግን ከጠላት አይደለም። የመጣብኝ በማንበብ ነው፤ ማንበብ ሰው ያቆስላል ብላችሁ ካላመናችሁኝ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

የዛሬ ሰው የሕግ ትምህርት ቤት ሲባል አግዳሚ ወንበርና ጥቁር ሰሌዳ ይታየዋል። የእኛ ትምህርት ቤት የየኔታ ክንፉ ግቢ ነበር። ዋንዛው ሥር ለየኔታ አጎዛ ይነጠፋል፤ እኛ መሬት ላይ እንቀመጣለን። የሕግ መጽሐፉ አንድ ብቻ ነው። ዝናብ ሲመጣ፣ በእኛ አገር ደግሞ የማይመጣበት ቀን ጥቂት ነው፣ መጽሐፉን አቅፈን ወደ ጎጆው እንሮጣለን። የኔታ ግን እየዘነበባቸው ቀስ ብለው ይመጣሉ። ሕግ የሚያውቅ ሰው አይሮጥም ይሉን ነበር።

የመግቢያ ፈተናቸው እንግዳ ነበር። አባቴ ከመቱ ወስዶ ፊታቸው ሲያቆመኝ ስሜን ጠየቁኝ፤ ተናገርኩ። ዳዊት ደግመሃል ወይ አሉኝ፤ አዎ አልኩ። ከዚያ ምንም ሳልጠረጥር በጥፊ አጮሉኝ። ከእኔ በፊት የቀረበው ልጅ እጁን አንስቶባቸው ተባሯል። ከእሱ በፊት የነበረው አልቅሶ ተመልሷል። እኔ ጉንጬን ይዤ «በሕግ አምላክ!» ብዬ ጮህኩ። በዚያ ዘመን ይህን ቃል የሰማ ሰው የሰነዘረውን ዱላ ሳይቀር ማውረድ ነበረበት። የኔታ ሳቁና «ግባ፣ አንተ ትማራለህ» አሉኝ። አባቴ በደስታ ሊያለቅስ ደረሰ፤ እኔ ጉንጬ እስከ ማታ ጋለ።

ጎሬ ላይ የሞት ፍርድ ሲፈጸም፣ ሰውየው የተፈረደበት አንቀጽ በሕዝብ ፊት ይነበብ ነበር። መጀመሪያ በግዕዝ፣ ቀጥሎ በአማርኛ። ይህ የየኔታ ሥራ ነው። ታዲያ ደበላ የሚባል የዳሪሙ ገበሬ በወሰን ጠብ ጎረቤቱን በመጥረቢያ ገደለና ተፈረደበት። ፍርዱም አዲስ አበባ ደርሶ፣ ጸንቶ ተመለሰ። በመሰቀያው ቀን የኔታን ወባ ጣላቸው። ከብርድ ልብሳቸው ውስጥ ሆነው መጽሐፉን ዘረጉልኝና «ድምፅህ ይሰማል፣ አንተ አንብብ» አሉኝ።

ገበያው ዳር ባለው ዛፍ ሥር ሕዝቡ ከብቦ ቆሟል። ደበላ እጁ ወደ ኋላ ታስሯል። ግንባሩ ሰፊ፣ ቁመተ መለሎ ሰው ነበር። አንድ ጊዜ አየኝና ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳ። እኔ አንቀጹን በግዕዝ አነበብኩ፤ ቀጥሎ በአማርኛ አነበብኩ። ከዳሪሙ የመጡት ዘመዶቹ አብዛኞቹ ሁለቱንም ቋንቋ አይሰሙም። እነሱ ያዩት ይህንን ነው፤ አንድ ነጭ የለበሰ ጎረምሳ አፉን ከፈተ፣ ጮኸ፣ አፉን ዘጋ። ወዲያው ገመዱ ተሳበ።

ደበላ ቶሎ አልሞተም። እግሩ የሚቆምበት ቦታ ፈለገ። ከአፍንጫው ደም ወጥቶ ደረቱ ላይ ወረደ። ገመዱን የያዙት ወታደሮች እንኳ ወደ መሬት አዩ። እኔ መጽሐፉን አቅፌ ቆሜ ነበር፤ ዓይኔን መጨፈን ፈለግኩ፣ አልቻልኩም። አንዲት አሮጊት ሴት ግንዱን በሁለት እጃቸው ይዘው በኦሮምኛ ስሙን ይጠሩ ነበር። እናቱ እትዬ ጫልቱ መሆናቸውን በኋላ ነው ያወቅሁት።

መጽሐፉን ለየኔታ መልሼ ወዲያው የመቱን መንገድ ያዝኩ። በማግስቱ የእህቴ ሰርግ ነው፤ አስቀድሜ አስፈቅጄ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሰርግ ባይኖርም እሄድ ነበር። እናቴን ማየት ፈለግኩ።

የጎሬን ቁልቁለት ጨርሼ ወንዙ ጋ ስደርስ ከኋላዬ የሩጫ ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል አንድ ሰፊ ግንባር ያለው ጎልማሳ ጦሩን ወደ ኋላ ስቦ አየሁ። ለመሸሽ እንኳ ጊዜ አልነበረም። ጦሩ ትከሻዬን ቀዶ አልፎ ጭቃው ላይ ተተከለ። ወንዙን የሚሻገሩ ቡና የጫኑ በቅሎ ነጂዎች ነበሩ፤ ደሙን ሲያዩ በቅሏቸውን እየገረፉ ተሻገሩ። አልፈርድባቸውም።

ሰውየው ጦሩን ነቅሎ በሶማያው፣ በእንጨቱ በኩል፣ አናቴን መታኝ። ወደቅሁ። በእግሩ አፌን ረገጠኝ፤ የፊት ጥርሴ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። «ሲ አጄሳ! እገድልሃለሁ!» ይላል እያለቀሰ። የደበላ ታናሽ ወንድም ለማ ነበር። «አንተ ተናገርክ፣ ወንድሜ ሞተ! አንተ ተናገርክ!» እያለ ጎኔን ይረግጠኛል። የገደልኩት እኔ አለመሆኔን ልነግረው አፌን ብከፍት ደም ብቻ ወጣ። የኔታ ጋ የገባሁበት ያ ቃል፣ «በሕግ አምላክ» የሚለው፣ ጭራሽ ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ ነገ ጠዋት እናቴ ደጅ ቆማ መንገድ መንገዱን ስታይ ነው።

እግሩን ደረቴ ላይ አድርጎ ጦሩን አነሳ።

«በሕግ አምላክ! በንጉሥ አምላክ!»

የጮኹት እሳቸው ናቸው። እትዬ ጫልቱ ከቁልቁለቱ እየተንገዳገዱ ወረዱ። ጉልበታቸው ደምቷል፤ ወድቀው ተነስተዋል። ለማን ገፍተው ከላዬ አወረዱት። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ከእኔ ነጠላ ጫፍ ጋር አገናኝተው ቋጠሩ፤ ደግመው ቋጠሩ፤ በጥርሳቸው ጎትተው አጠበቁት።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። በዚያ ዘመን የተካሰሱ ሁለት ሰዎች ልብስ ለልብስ ተቋጥረው፣ ያለ ወታደር፣ ራሳቸው ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር። ቋጠሮው የንጉሥ ነው። በመካከሉ እጁን የሰነዘረ ሰው ንጉሡን እንደደፈረ ይቆጠራል። ይህን ለማም ያውቃል፤ ዳሪሙ ያለ ሕፃንም ያውቃል።

«ይህን ሰው ከስሼዋለሁ» አሉ እትዬ ጫልቱ። ጎሬ ገበያ ማር ሲሸጡ ስለኖሩ አማርኛቸው ጥሩ ነው። «ልጄን አስገድሏል። ተነስ፣ ዳኛ ዘንድ እንሂድ።»

ተነሳሁ። ሽቅብ ወጣን። እሳቸው ከጎኔ፣ ለማ ከኋላችን። የጦሩ ጫፍ አንዳንድ ጊዜ ጀርባዬን ይነካኛል። በነካኝ ቁጥር እትዬ ጫልቱ ሳይዞሩ «ዲሲ፣ ለማ! ተው!» ይላሉ፤ ጫፉ ይርቃል፤ ትንሽ ሄደን ደግሞ ይመለሳል። ደሜ በክንዴ ወርዶ ቋጠሮው ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ወደ ኋላ ስቀር ነጠላውን ይጎትቱታል፣ ቁስሌ ይከፈታል፣ እጮሃለሁ። አላዘኑልኝም። እንደሚጠሉኝ ፊታቸው ላይ አይቻለሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ አድርጎ ያየኝ ሰው የለም።

«እናት አለህ?» አሉኝ አንድ ቦታ ላይ።

«አለችኝ እትዬ። መቱ።»

«ትጠብቅሃለች?»

«አዎ። ነገ የእህቴ ሰርግ ነው።»

«የኔን ገና አላወረዱልኝም» አሉ። «ወንድሙ ጦሩን አንስቶ ሲሮጥ አየሁት። የሞተውን ትቼ ያልሞተውን ተከተልኩ።»

ያኔ ነው የገባኝ። የሮጡት ለእኔ አልነበረም። ለማ እኔን ቢገድል እሱም በዚያው ዛፍ ላይ ነው የሚወጣው። ሌላ ልጅ የላቸውም። በእኔ ነፍስ ላይ የልጃቸው ነፍስ ተንጠልጥላለች፤ ያ ሁሉ ዱላ ሲወርድብኝ ያላለቀስኩ ሰውዬ እዚያ ላይ አለቀስኩ።

ገበያው ስንደርስ ደበላ አሁንም ዛፉ ላይ ነበር። እትዬ ጫልቱ ፊታቸውን አላዞሩም፤ ነጠላውን ብቻ አጥብቀው ያዙ። ለማ ግን አየው። ከጉሮሮው የወጣውን ድምፅ አልረሳውም። ጦሩ ጀርባዬ ላይ ተጫነ፤ ልብሴን በስቶ ሥጋዬን ነካ። «ዲሲ!» አሉት እናቱ። ቆመ። እንዲህ ሆነን ችሎቱ ፊት ደረስን።

ዳኛው ሽማግሌ ነበሩ። እኔን ደም በደም ሆኜ ሲያዩ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ወታደሮቹ ወደ ለማ ሊንደረደሩ ሲሉ እትዬ ጫልቱ እጃቸውን ዘረጉ። «ከሳሽ እኔ ነኝ! እኔን ስሙኝ!»

«ምን በደለሽ?» አሉ ዳኛው።

«ልጄን አስገድሏል።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ይህ አንባቢ ነው። የፈረድኩት እኔ ነኝ፤ ያጸናው ንጉሥ ነው።»

«አውቃለሁ ጌታዬ።»

«ካወቅሽ ለምን ቋጠርሽው?»

እትዬ ጫልቱ በአገጫቸው ለማን አሳዩ። «የማያውቀው ያ ነው። አንዱን ወሰዳችሁብኝ። ይኼኛው ደግሞ በራሱ እግር እየሮጠ ሊመጣላችሁ ነው። ቅድም የተነበበው አልገባውም። በአፋችን ያንብብለትና እፈታዋለሁ። ሌላ ክስ የለኝም።»

ዳኛው ወደ እኔ ዞረው «ኦሮምኛ ትችላለህ?» አሉኝ። መቱ ተወልዶ የማይችል አለ እንዴ? ከልጅነቴ ጀምሮ የተጫወትኩበት፣ የተሳደብኩበት ቋንቋ ነው። ሕግ ግን ተናግሬበት አላውቅም። መጽሐፍ አልያዝኩም፤ አንቀጹ በቃሌ ነው። ለማ ፊት ለፊቴ ቆሟል፤ የጦሩ ጫፍ ላይ ደሜ አለ።

«ነምኒ ነመ አጄሴ ኒ አጄፈመ» አልኩ። ሰው የገደለ ይገደላል። በተሰበረው ጥርሴ በኩል ቃሉ ከደም ጋር ወጣ። ጠዋት ሳነበው ድምፄ ገበያውን ሞልቶት ነበር፤ አሁን ፊቴ የቆመው ሰው እንኳ ጎንበስ ብሎ ነው የሰማኝ። ቀጠልኩ፤ የገደለው በጦር ይሁን በመጥረቢያ፣ ለወንድሙ ደም ብሎ ይሁን በራሱ ጠብ፣ ፍርዱ አንድ መሆኑን ነገርኩት። የኔታ እንዳስተማሩኝ ሳላጎድል ነገርኩት።

ለማ እናቱን አየ። «እንግዲያ የገደለው እሱ አይደለም?» አላቸው በኦሮምኛ።

«እሱ አፍ ነው» አሉት። «ደበላ ላይ ገመዱን የጠራው የደበላ መጥረቢያ ነው። አንተም የራስህን ይዘሃል፣ እጅህን እየው።»

እጁን አየ። ጦሩን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠና ሜዳው ላይ ተቀመጠ። አንድ ወታደር ሊይዘው ሲነሳ ዳኛው በእጃቸው መለሱት። ወደ እኔ ዞረው «ትከሰዋለህ?» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅሁ፤ አልከስም። ያንን ደግነት ነው ብዬ አልመካበትም። መክሰስ የሚችል አቅም አልነበረኝም።

እትዬ ጫልቱ ቋጠሮውን ሊፈቱ ሞከሩ። ደሙ ደርቆበት እንቢ አለ። ዳኛው ቢላ እንዲሰጣቸው አዘዙ፤ አልተቀበሉም። በእጃቸው የቋጠሩትን በእጃቸው መፍታት ነበረባቸው። ጎንበስ ብለው በጥርሳቸው ያዙት። ራሳቸው ደረቴ ላይ አረፈ። ሲፈታ ቀና ብለው ከንፈራቸው ላይ ያለውን ደሜን በነጠላቸው ጠረጉ። ለማን «ኮቱ» አሉት። ና ማለት ነው። «ወንድምህን እናውርድ።» ዳኛውም እንዲያወርዱት ፈቀዱ።

የኔታ ወባው ሲለቃቸው ሁሉንም ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲያ ዋንዛው ሥር አንቀጽ ሁሉ በሦስተኛ ቋንቋ ይደገም ጀመር፤ ሦስተኛውን የማይችል ተማሪ መሐል ገበያ ሄዶ ተምሮ እንዲመለስ ይታዘዝ ነበር። ስለ ጥፊው ፈተና ብቻ ሐሳባቸውን አልቀየሩም።

እኔም ከነፃነት በኋላ ዳኛ ሆኜ ረጅም ዘመን በኢሉባቦር ወረዳዎች ፈረድኩ። ከባድ ፍርድ ከመናገሬ በፊት የተከሳሹን እናት በዓይኔ እፈልጋለሁ፤ ግራ ትከሻዬን አንድ ሰው የሚጎትተው ይመስለኛል። በሚገባቸው ቋንቋ ነው የምናገረው፤ ያልገባቸው እንደሆነ ደግሜ እናገራለሁ። ጠበቆቹ ሽማግሌው ይዘገያል እያሉ ያሙኝ ነበር።

ለማን ከዚያ ወዲህ ቡሬ ገበያ ላይ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ልጅ አዝሏል። እሱም አየኝ፤ ሁለታችንም ሳንቆም ተላለፍን። እትዬ ጫልቱ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አልጠየቅሁትም። ምስጋና ሳልነግራቸው ቀረሁ፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ግን ባገኛቸውስ ምን ብዬ አመሰግናቸው ነበር? ልጃቸው ዛፍ ላይ ሆኖ ሳለ እኔን ለእናቴ መልሰውኛል።