የሃጂ ሙሜ ዊንች በቦርደዴ መንገድ

ቺሮ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል

ሰፈሩ ለሱብሒ ሶላት ባይነሳ ኖሮ በሃጂ ሙሜ ላንድሮቨር ጩኸት ይነሳ ነበር። መኪናው በዕድሜ ይበልጠኛል። ሃጂ አከራዬ ናቸው፤ እኔ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ የሒሳብ መምህር ነኝ። የወንድማቸው ልጅ ዛሬ ቦርደዴ ኒካህ አላት፤ እኔም ተጋብዣለሁ።

«መምህር፣ ቁርስ በላህ?»

«ኧረ አልበላሁም።»

«ደግ አደረግህ። መንገዱ አያስቀርልህም ነበር።»

ከመኪናው ፊት የሰመጠ መኪና የሚጎትት ዊንች ተገጥሟል፤ ካቦ የሚሉት የብረት ገመድ የተጠቀለለበት ከበሮ። ባትሪ የሚባል ነገር አያውቅም። ጉልበቱን ከራሱ ከሞተሩ፣ ከወለሉ ሥር በተዘረጋ ዘንግ ያገኛል። ሃጂ እንደ በኩር ልጃቸው ይመኩበታል። እኔ ግን በሰባት ዓመት ውስጥ ሲሠራ አላየሁትም፤ ካቦው ላይ ሱሪዬን ሁለቴ አስጥቼበታለሁ።

ሚኤሶ፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ

ሙቀቱ የሚጀምረው ከከተማው ታፔላ በፊት ነው። በከባድ መኪኖች መሀል ቆመን ፉል በዳቦ በላን። አንድ የጭነት ሾፌር የመጣንበትን ተራራ በአገጩ እያሳየ፣ «ደጋው በደመና ጠቁሯል። በአቋራጩ ከሆናችሁ ወንዙን ቶሎ እለፉ» አለን።

ሃጂ ሻያቸውን ደገሙ።

ደረቁ ወንዝ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል

ወንዙ አሸዋ ብቻ ነው። መሀሉ ላይ አንዲት ፒክአፕ እስከ ሆዷ ሰምጣለች፤ የጫነችው ወደ ቦርደዴ ገበያ የሚሄዱ አራት ሴቶችና የግመል ወተት ጀሪካኖቻቸውን ነው። በእኛ በኩል ዳር ላይ የአንድ መሥሪያ ቤት አዲስ መኪና ቆሟል። ሾፌሩ የኤሌክትሪክ ዊንቹን ሪሞት ደጋግሞ ይጫናል።

«ባትሪው ሞተ» አለን፣ ዘመድ እንደሞተበት ሰው።

ሃጂ የራሳቸውን ጎማዎች በድንጋይ አስደገፉ፤ ካቦውን ስበን ከፒክአፗ ኋላ አሰርን። ሦስቱ ሴቶች ወጡ፤ የፒክአፗ ሾፌር መሪው ላይ ቀረ። አራተኛዋ፣ አሻ የምትባል ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆናት ሴት፣ ወተቱን ጥላ እንደማትወርድ ነገረችን።

ሞተሩ ጮኸ፤ ከበሮው መዞር ጀመረ። ኤሊ ታልፈው ነበር። ግን ይጎትታል! ፒክአፗ ከአሸዋው ተነቅላ ግማሽ መንገድ እንደመጣች «ቷ!» አለና ከበሮው ቆመ። ዘንጉን ከከበሮው የምታያይዘው ቀጭን ፒን ተሰብራለች።

የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ሮጦ ወፍራም ብሎን አመጣ።

«እሱ አይሆንም!» አሉ ሃጂ። «ፒኗ እንድትሰበር ነው የተሠራችው። እሷ እምቢ ካለች ካቦው ይበጠሳል። ካቦ ደግሞ ሲበጠስ ዘመድ አይለይም።»

ትርፍ ፒን ከኪሳቸው አወጡ። ጉልበታቸው ስለማይታጠፍ እኔ መኪናው ሥር ተጋደምኩ። ቀዳዳዎቹ አልገጥም አሉኝ። ያኔ ከላይ በኩል፣ ከባድ መኪና ዳገት ሲወጣ የሚያሰማውን የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። በዚያ በኩል መንገድ የለም።

«ቢሻን ዱፌ!» ብላ አሻ ጮኸች። ውኃ መጣ።

«ሱታ፣ መምህር፣ ሱታ» አሉኝ ሃጂ። ቀስ በል ማለታቸው ነው። እኚህን ሰውዬ እንደዚያች ደቂቃ ጠልቻቸው አላውቅም። ፒኗ ሁለቴ ከእጄ አምልጣ አሸዋው ላይ ወደቀች። በሦስተኛው ገባች።

ከበሮው ዞረ፤ በዚያው በኤሊ እርምጃው። ቡናማው ጎርፍ ግንድ እያንከባለለ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። የፒክአፗ የኋላ ጎማዎች ዳሩን ሲነክሱ ውኃው የፊተኞቹን ላሰ። አሻ ጀሪካኖቹን በሁለት ክንዷ አቅፋ ነበር የወጣችው። አንዱ አምልጧት ሄደ።

ከመኪናው ወርዳ ቀጥታ ወደ ሃጂ መጣች።

«ትንሽ ፈጠን ቢል ምን ነበረበት?»

«ወላሂ፣ ለሱም ለኔም ዕድሜ ነው» አሉ።

ቦርደዴ፣ ሰባት ሰዓት

በአስፋልቱ ዞረን ደረስን። ኒካሁ ታስሮ፣ ምሳው እየቀረበ ነበር። ሃጂ ስለወንዙ ለማንም አላወሩም፤ እጃቸውን ታጥበው ሩዙ ላይ ተቀመጡ። አሻም ከእኛ ጋር መጥታ ለገበያ ያሰበችውን ወተት ለድግሱ አስረክባ አጠገባችን አረፈች።

ሻይ ሰጡኝ። ብርጭቆውን ሳነሳ ጣቶቼ አልታዘዙልኝም፤ ግማሹ ሸሚዜ ላይ ፈሰሰ። ሰው እንዳያየኝ ላስቀምጠው ስል አሻ ብርጭቆውን ከእጄ ተቀብላ ወደ ከንፈሬ አስጠጋችልኝ።

«ጠጣ እንጂ መምህር» አለችኝ፤ «እኔም እስካሁን እጄን ቀሚሴ ውስጥ የደበቅሁት ወድጄ አይደለም።»