የአቶ ለጊዜው ሦስተኛ ዲስክ

ባሌን በመሥሪያ ቤቱ «አቶ ለጊዜው» ይሉት ነበር። ስሙን ያወጣችለት ገንዘብ ያዧ ናት፤ ማስረጃው ግን ሁሉ እኔ ቤት ነበር። ካፖርቱ ወንበር ላይ፣ መፍቻው የምግብ ጠረጴዛ ላይ፣ ሁሉም «ለጊዜው» ተቀምጦ ይከርማል።

ሥራው የመድኃኒት መጋዘን ዳታቤዝ መጠበቅ ነበር። ጠዋት ጠዋት ለአለቃው ሪፖርት ያወጣል። ለዚህም ጊዜያዊ ሠንጠረዥ ይፈጥራል፤ የዓመቱን መረጃ፣ የማዘዣ ወረቀቶቹ ፎቶ ሳይቀር፣ እዚያ ገልብጦ ይደምርና ሠንጠረዡን ያጠፋዋል። አለቃው የሚያነቡት የመጨረሻዋን መስመር ነው፤ እሷንም ደስ ሲላቸው።

አንድ ዓመት ላይ፣ መረጃው ሁሉ የሚቀመጥበት የሰርቨሩ ዲስክ ሁለት ጊዜ ተበላሽቶ ተቀየረ። ባሌ መጀመሪያ አቧራውን ከሰሰ፣ ቀጥሎ መብራቱን፣ ከዚያ ሻጩን። አቧራው መልስ አልሰጠም።

አለቃው አስጠሩት።

«ስማ፣ ዲስክ ትበላለህ እንዴ? ሦስተኛው ከሞተ አንተም ተከትለኸው ትወጣለህ!»

«ጌታዬ፣ ሠንጠረዡ እኮ ጊዜያዊ ነው። ኮምፒውተሩ ለአፍታ በሚያስብበት ሚሞሪ ላይ ተሠርቶ ይጠፋል፤ ዲስኩን አይነካም። ካላመኑኝ ይዩ!»

ዲስኩ ላይ የሚጻፈውን የሚቆጥረውን ገጽ ከፍቶ ሪፖርቱን አስነሳ። ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም ብሎ ነበር። ቁጥሩ ተፈተለከ።

ገንዘብ ያዧ በበሩ ብቅ ብላ «አይዞህ፣ ለጊዜው ነው የሚጽፈው» አለችው።

ንጹሕነቱን ሊያስረዳ ሄዶ በራሱ ላይ መስክሮ ተመለሰ።

ቤት ሲገባ ጆሮው ቀልቶ ነበር። «ለካ ሚሞሪው ሲሞላ የተረፈውን ዲስክ ላይ ነው የሚያፈሰው። በኋላ ባጠፋውም አንዴ ተጽፏል፤ ዲስክ ደግሞ በተጻፈበት ቁጥር ያልቃል» አለኝ።

«መድኃኒት ስትደምር ፎቶው ምን ያደርግልሃል?» አልኩት።

«ምናልባት ካስፈለገ ብዬ ነዋ፣ ለጊ...» ብሎ ምላሱን ነከሰ።

በማግስቱ የመድኃኒቱን ስምና ብዛት ብቻ ወደ ሠንጠረዡ ወሰደ። ሚሞሪው ለሁሉም በቃ፤ ዲስኩም አረፈ። አለቃው አመስጋኝ ሰው ናቸውና «ምነው ፈጠነ? ያጎደልከው ነገር አለ?» አሉት። ሥራው ግን ተረፈለት።

ባሌ ከሞተ በኋላ ገንዘብ ያዧ ልታጽናናኝ መጣች። ሦስተኛው ዲስክ አሁንም እንደሚሠራ ነገረችኝ። ተከትለኸው ትወጣለህ የተባለው ባሌ ነበር፤ ቀድሞት ወጣ።

ልትቀመጥ ስትል ካፖርቱን ወንበሩ ላይ አየችው።

«ልስቀለው?»

«ተይው» አልኳት፤ «ለጊዜው ነው።»

ሌላ ወንበር አመጣሁላት።