እማማ ጥሩ እና ቀዳዳማው ድንጋይ

አስቀድመን ይህን እንወቅ፦ የዋግ ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው፤ ከቀዘቀዘ ግን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዓመታት አልፈውታል።

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ እማማ ጥሩ በዚሁ ድንጋይ የተጀመረውን የአዲሱን ቤታቸውን የመሠረት ሥራ አስቆሙ። ልጃቸው ከጂዳ ደውሎ፣ "ቀዳዳ ያለው ድንጋይ እሳተ ገሞራ ነው" ብሏቸዋል።

"መምህር፣ እሳት ላይ ልተኛ ነው እንዴ?"

ላቫው፣ ማለትም የቀለጠው ድንጋይ፣ ከመሬት ስንጥቅ ወጥቶ እንደ ጎርፍ እንደተዘረጋ፣ ቀዳዳውም ሲቀዘቅዝ የጋዝ አረፋ የተወው ቦታ እንደሆነ አስረዳሁ። አላመኑኝም። (ተማሪዎቼም ቶሎ አያምኑኝም ነበር።)

"የወፍጮዎ ድንጋይስ?" አልኋቸው።

ገብተው ዳበሱት፤ እሱም ቀዳዳማ ነው። "ውይ! ዕድሜዬን ሙሉ እሳተ ገሞራ ላይ ስፈጭ ኖሬያለሁ!" ብለው ሳቁ።

አሁንም ግን፣ "በዚህ ድንጋይ ቤት የሚኖር ሰው ይንገረኝ" ይላሉ። ግንበኞቹ ነገ ጠዋት ይመጣሉ። የሰቆጣ፣ የደሃናና የዝቋላ ወዳጆቼ፣ ቤታችሁ በዚህ ድንጋይ ከተሠራ እባካችሁ ዛሬውኑ ጻፉልኝ፤ አነብላቸዋለሁ።