ቅዳሜና እሁድ የማያላዝነው ውሻ

ስለ ወንድሜ ልጽፍ ስነሣ ብዙ ጊዜ ከመሃል እጀምርና አቆማለሁ። ይህን ግን ከውሻው ልጀምረው።

የምንኖረው አርባ ምንጭ ሴቻ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከእኛ በላይ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ይኖራሉ። ትውልዳቸው ጎጃም ነው፤ በወጣትነታቸው ተመድበው መጥተው እዚሁ ቀሩ። የሰፈሩን ግማሽ ፊደል ያስቆጠሩት እሳቸው ስለሆኑ ዛሬም ሁሉም ሰው «ቲቸር» ይላቸዋል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አብሯቸው የቀረው አንድ ጥቁር ውሻ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ውሻ ማሳደግ ቀላል አይደለም። የራስ ግቢ የለም፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ የአንዱ ቤት ሳል ለሌላው ቤት ይሰማል። ቲቸር ሲወጡ ውሻውን በረንዳቸው ብረት ላይ በአጭር ሰንሰለት ያስሩታል።

ባለፈው ዓመት፣ ሁዳዴ ጾም በገባ ሰሞን፣ ውሻው ማላዘን ጀመረ። መጮህ አላልኩም፤ ጩኸቱንስ ለምደነው ነበር። ይሄኛው ረጅም ነው፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሰው የሚያለቅስ ይመስላል።

ያኔ ወንድሜ ታሞ አልጋ ላይ ነበር። ኩላሊቱ ነው። በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ በብሎካችን መብራት ሲበላሽ ሰው የሚያንኳኳው የእኛን በር ነው። ውሻ ሲያላዝን ሰው ይጠራል ይባላል፤ ሊሞት የደረሰውን ሰው። በብሎካችን ደግሞ አልጋ ላይ የዋለ ሰው አንድ ብቻ ነበር። ማንም ፊት ለፊት አልተናገረንም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ግን ዓይናቸውን ወደ በራችን ወርወር ያደርጉ ነበር። እናቴ ቤት ገብታ ወደ ጣሪያው ቀና አለችና «አንተ የተረገምክ» አለች። ከዚያ በኋላ ከቲቸር ጋር ሰላምታዋ ቀዘቀዘ።

እኔ ድንጋይ አነሣሁ። እውነቱን መጻፍ አለብኝ። ድንጋዩን ይዤ ስገባ ወንድሜ አየኝ።

«ለማን ነው?»

«ለውሻው።»

«እሱን አስቀምጥና ደብተር አምጣ።»

አመጣሁ። የምማረው በጠዋት ፈረቃ ስለነበር ከቀትር በኋላ ከእሱ ጋር ነው የምውለው። እሱ ተኝቶ ያዳምጣል፤ እኔ ሰዓቱን እጽፋለሁ። እጁ ያብጥ ስለነበር ብዕር መያዝ ያስቸግረው ነበር። የመብራት ብልሽት ሲፈልግም እንዲህ ነበር የሚያደርገው። መጀመሪያ «መቼ መቼ ነው የሚጠፋው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ ዘሎ ሽቦ አይቆርጥም።

ሁለት ሳምንት ጻፍን። ሰኞ፣ ከሰባት ሰዓት እስከ አስር። ማክሰኞም እንደዚያው። እስከ ዓርብ እንደዚያው። ቅዳሜ ምንም። እሁድ ምንም። በሁለተኛውም ሳምንት ቅዳሜና እሁድ ባዶ ሆነ። ወንድሜ ደብተሩን ተቀብሎ አየና ሳቀ። ሲስቅ ጎኑን ያመው ነበር፤ ቢሆንም ሳቀ።

«ሞት ቅዳሜና እሁድ እረፍት ይወጣል እንዴ? የመንግሥት ሠራተኛ ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። በጾሙ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴ የሚቀደሰው ከቀትር በኋላ ነው። ቲቸር ስድስት ሰዓት ላይ ወጥተው አስር ሰዓት ይመለሳሉ። ቅዳሜና እሁድ ግን ቅዳሴው በጠዋት ስለሆነ ፀሐይ ሳይበረታ ቤታቸው ናቸው። በረንዳቸው ደግሞ ወደ ምዕራብ ነው። የአርባ ምንጭ የቀትር ፀሐይ ሲሚንቶ ላይ ምን እንደሚያደርግ በባዶ እግሩ የረገጠ ያውቃል። ሰንሰለቱ አጭር ነው፤ ጥላው ጋ አያደርስም።

«እኔን አይደለም የሚጠራው» አለ ወንድሜ። «ጥላ ነው የሚጠራው። ሂድና ለቲቸር ንገራቸው፤ ሲወጡ እኛ ጋ ይተዉት።»

«እማዬስ?»

«እማዬ ፍራፍሬዋን ሸጣ እስክትመለስ አስራ አንድ ሰዓት ይሆናል።»

ቲቸር ስነግራቸው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «እኔ ስጸልይ እሱን ሳቃጥለው ኖሬያለሁ?» አሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሻው ስድስት ሰዓት ላይ እኛ ቤት ይገባል፣ ከወንድሜ አልጋ እግርጌ ወለሉ ላይ ይተኛል። ማላዘኑ ቆመ። ጎረቤቱ ሁሉ ጸሎት ነው ያቆመው አለ፤ ወንድሜም «ይበሉ» አለ። ስለ ሥራው፣ ስለ ሽቦ፣ ስለ ቆጣሪ ለውሻው ያወራለት ነበር። «ይሄ ከአንተ ይሻላል፤ ሳያዛጋ ይሰማል» ይለኛል። እንዲህ ሦስት ሳምንት አለፈ። እናቴ አላወቀችም።

ከዚያ ወንድሜ ሞተ። ሰኞ ጠዋት ነው። ስለዚያ ጠዋት ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ድንኳኑ በብሎኩ ፊት ለፊት ተተከለ። ዘመድ ከደጋው፣ ከገረሴ ወረደ። ቲቸርም ውሻውን እንደ ድሮው በረንዳ ላይ አስረው ከእኛ ጋር ተቀመጡ፤ ሐዘን ቤት ውስጥ ውሻ አስቀምጡልኝ አይባልም። ሁለቱን ቀን ደመና ነበር። በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ወጣ። ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ድንኳኑ በሰው ሞልቶ ሳለ፣ ውሻው ከላይ ማላዘን ጀመረ።

የብሎካችን ኮሚቴ ሊቀመንበር ተነሣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነው።

«ከዚህ በላይ ምን እንጠብቃለን?» አለ። «ጠራው፣ ወሰደው። አሁንም እየጠራ ነው። ቀጥሎ ማን እንደሆነ ማን ያውቃል? ሕፃናት አሉን።»

«መርዝ ነው መፍትሔው» አለ አንዱ ከኋላ።

«ኧረ ነውር ነው! ጫኖ ቀበሌ የሙዝ እርሻ የሚያስጠብቅ ዘመድ አለኝ፤ ነገ መጥቶ ይውሰደው» አለ ሌላው።

ቲቸር ብድግ አሉ። «ውሰዱት» አሉ። ወደ እናቴ ዞረው «ይቅር በይኝ፣ እህቴ» አሉ። እናቴ ፊቷን አዞረች።

እኔ ተነሣሁ። እንዴት እንደተነሣሁ አላስታውስም። ክፍል ውስጥ እንኳ እጄን አውጥቼ አላውቅም። «ውሻው… እ… ደብተር አለ» አልኩ። ማንም አልገባውም። ሊቀመንበሩ በሐዘኔታ አየኝና «ተቀመጥ ልጄ፣ ሐዘን ላይ ነህ» አለኝ።

ይህን ጊዜ ከገረሴ የመጣው አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ዱላውን መሬት ላይ አንዴ መታ። ዕድሜውን ሙሉ ዱቡሻ ላይ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች ነገር በሚያዩበት ሸንጎ ላይ፣ የተቀመጠ ሰው ነው።

«በዱቡሻ የተነሣ ሰው ሳይጨርስ አይቀመጥም» አለ። «ከዘገየም ይዘግይ። ሥራ ያለው ይሂድ።»

ሊቀመንበሩም የጋሞ ልጅ ነው። ተቀመጠ።

ዘገየሁ። በጣም ዘገየሁ። ግን ጨረስኩ። ስለ ደብተሩ፣ ስለ ቅዳሴው ሰዓት፣ ስለ ሰንሰለቱ ተናገርኩ። ወንድሜ «ሞት እረፍት ይወጣል እንዴ?» ያለውን ስናገር አንድ ሰው ፈገግ ብሎ ነጠላውን አፉ ላይ ጣለ። በመጨረሻ ውሻው ሦስት ሳምንት የት ይውል እንደነበር ስናገር እናቴ ቀና አለች።

«በእኔ ቤት?»

«አዎ እማዬ።»

«እኔ ገበያ ሳለሁ?»

«አዎ።»

«እሱ ነው ያስገባው?»

«እሱ ነው።»

በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ «ሂድ አምጣው» አለችኝ።

ቲቸር ቁልፉን ሰጡኝ። ሰንሰለቱን ስፈታ ብረቱ እጄን አቃጠለው። ውሻው ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ አግዳሚው ሥር፣ ጥላው ላይ፣ ተዘረጋ። ምላሱን አውጥቶ አለከለከ። አንዲት ሴት ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች። ሰው ሁሉ ጠበቀ። ውሻው ዝም አለ።

«ይኸው ነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ይኸው ነው። ውሃ ስጡት» አለ አጎቴ።

ውሻውን ጫኖ ስለ መስደድ ከዚያ በኋላ ያነሣ የለም። ሊቀመንበሩ በሳምንቱ ደረጃው መግቢያ ላይ ወረቀት ለጠፈ፤ ማንም ሰው እንስሳ ፀሐይ ላይ አስሮ እንዳይሄድ፣ የሚርቅ ሰው ለጎረቤት አደራ እንዲሰጥ ይላል። የወንድሜ ስም የለበትም። የእሱ ሐሳብ መሆኑን ግን ብሎኩ በሙሉ ያውቃል። እኔም ስወጣ ስገባ ቆሜ አነበዋለሁ፤ አንገቴን ቀና አድርጌ።

ከወር በኋላ ሞቱን ዘግይታ የሰማች የእናቴ የገበያ ጓደኛ ልታለቅስ መጣች። አልቅሳ ስታበቃ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ውሻ አላዝኖበት ነበር አሉ፣ እውነት ነው?» አለች።

እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም።

«ልጄን የገደለው ኩላሊቱ ነው» አለቻት። «ውሻውንማ ያስታመመው እሱ ነው።»